መርፌው ጨርቁ ውስጥ ይቆይ

ጥቅምት 9 ቀን

ለወንድሜ ለመጣሁ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህ፣ ወገብህ፣ ያ ዘወትር የምታማርርበት ግራ ትከሻህ፣ ሁሉም በየቦታው ደህና ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ክራችን ሳይበጠስ፣ መርፌያችን ሳይሰበር አለን።

ለምን አትደውዪም ትለኛለህ። አልደውልም። ስልክ ላይ ሁለታችን እኩል እንናገርና እኩል ዝም እንላለን፤ መስመሩ ሲዘጋ የነገርከኝ አንዱም ትዝ አይለኝም። ደብዳቤ ግን መልሼ መላልሼ አነበዋለሁ። ደግሞም መሃል ላይ አታቋርጠኝም።

አሁን ተቀመጥ። ተቀመጥክ? ቁልፌ ለወጣት ሙዚቀኞች የክላሲካል ሙዚቃ ውድድር ተመረጠች! አንተ ስትሄድ ከወለል ላይ ቁልፍ እየለቀመች አፏ ውስጥ ትከት የነበረችው የእህትህ ልጅ፣ ዛሬ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቫዮሊን ይዛ ስትቆም ከእኔ ትረዝማለች። አስተማሪዋ ስትጫወት ቀርጾ ልኮላት ነበር፣ ባለፈው ሳምንት መልሱ መጣ። ውድድሩ የት መሰለህ? አንተው አውቶቡስ በምትነዳበት ከተማ! በሚያዝያ ነው።

የምትለማመደው እዚሁ ስፌት ቤቱ ውስጥ ነው። ቤት ስትጫወት ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። እዚህ እኔ ማሽኔን እረግጣለሁ፣ እሷ በመተኮሻው ጠረጴዛና በመስታወቱ መሃል ቆማ ትጫወታለች፣ ማንም ማንንም አያስቸግርም። የእናታችን ሕግም እንዳለ ነው። በሩ ሲከፈት ሥራ ይቆማል፣ ተነስተን የገባውን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ «እንደምን ዋሉ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» እንላለን። መርፌው ግን ጨርቁ ውስጥ ይቆያል። «መርፌውን ካነሳሽው ስፌቱ መንገዱን ይስታል» ትለኝ የነበረው ትዝ ይልሃል? ቁልፌም እንደዚያው ናት። ሰው ሲገባ መጫወቷን ታቆማለች፣ ደጋኑን ግን ከክሩ ላይ አታነሳም። ሰላምታዋን ሰጥታ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

በል እንግዲህ አንድ እሽግ የቫዮሊን ክር ላክልን። የእኔ ክር ሞልቷል፣ ለእሷ የሚሆን ግን እዚህ ጠፍቷል። ሌላው ጥያቄዬ የምታውቀው ነው፤ መቼ ነው የምትመጣው? ይህን ስም ያወጣችልህ እናታችን ናት፤ ለምሳ ስትጠራህ ከመንገድ ማዶ «መጣሁ!» ብለህ እራት ላይ ስለምትደርስ። አሁን ግን እራቱም አለፈ።

እህትህ

ኅዳር 20 ቀን

ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ብርዳም ከተማ ተነስቶ እደጃፍሽ ይድረስ፤ ጤናሽ ይብዛ፣ ደንበኛሽ ይብዛ፣ ዱቤ ጠያቂሽ ይነስ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት በእረፍት ሰዓት አውቶቡሶቹ ከሚያድሩበት ግቢ፣ ከሾፌሮች ክፍል ቁጭ ብዬ ነው። «የእህቴ ልጅ!» ብዬ ስጮህ አንዱ ሻዩን ሱሪው ላይ ደፋ። አሁን ግቢው በሙሉ ያውቃል። መካኒኩ እንኳ ሲያገኘኝ እጁን እንደ ቫዮሊን ተጫዋች እያወዛወዘ ነው ሰላም የሚለኝ።

የሚገርምሽ፣ ውድድሩ የሚደረግበት አዳራሽ በየቀኑ የማልፍበት መስመር ላይ ነው። ፌርማታው ፊት ለፊቱ ነው፣ ስንቱን ሰው እዚያ አውርጃለሁ፣ እኔ ግን አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም። ባለፈው እሑድ ገባሁ። ወንበሮቹ ክርናቸው የሳሳ ቀይ ከፋይ ናቸው፤ አንቺ ብታያቸው እጅሽ ያሳክክሽ ነበር። በሩ ላይ አንዲት ኮስታራ በረኛ አለች። «ሙዚቃ ከተጀመረ በኋላ ይህ በር አይከፈትም፣ የከተማው ከንቲባም ቢሆን ውጭ ይቆማል» አለችኝ። እኔም የወንበር ብዛት ልቆጥር የመጣሁ ሰው መስዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

የውድድሩን ነገር እሷኑ ጠየቅኳት። ሁለት ዙር ነው። በመጨረሻው ዙር ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት እዚህ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ትምህርቱም ማደሪያውም በትምህርት ቤቱ ነው። እትዬ፣ እዚህ አገር ወላጆች ልጃቸው በሕፃንነቱ ገና አፉን ሳይፈታ ነው ይህን ትምህርት ቤት መመኘት የሚጀምሩት። የእኛዋ በሩ ላይ ደርሳለች!

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። አዳራሹ ውስጥ ያየሁት ወንድ ሁሉ ሙሉ ልብስ ለብሷል። እኔ ያለኝ የሾፌር ጃኬት ነው፣ ያውም ደረቱ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ምልክት የተለጠፈበት። አንድ ሙሉ ልብስ ስፊልኝና ቁልፌ ይዛልኝ ትምጣ። ስለ ልኩ አትጨነቂ፣ ምንም አልተለወጥኩም። በድሮው ልክ ስፊው።

ክሩን ገዝቼ እልካለሁ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 28 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ለመካኒኩም፣ ሻይ ለተደፋበትም ሰውዬ።

«በድሮው ልክ» ትላለህ? ስትሄድ ሱሪህ እንዳይወልቅ ቀበቶህ ላይ በሚስማር ተጨማሪ ቀዳዳ የበሳሁልህ እኔ ነኝ። አምና በላክኸው ፎቶ ላይ ደግሞ የአውቶቡሱ መሪ ሆድህን ሲነካው በዓይኔ አይቻለሁ። ግን እሺ፣ ደንበኛ የነገረኝን ልክ እቀበላለሁ። ጨርቁ ጥቁር ግራጫ ነው፤ ለአንድ ሙሽራ ተገዝቶ ሙሽራው ሐሳቡን የቀየረበት ነው። ያንተ ዕድል!

የቁልፌ አስተማሪ ትናንት መጥቶ ነበር። ጥሩ ሰው ነው፣ ብቻ ሲናደድ ጆሮው ይቀላል። ዋናውን ሙዚቃዋን፣ ያለ አጃቢ ብቻዋን የምትጫወተውን፣ ቁጭ ብሎ እያዳመጣት ሳለ አንዲት ሴት ቀሚስ ልታሳጥር ገባች። ቁልፌ ቆመች፣ «እንደምን ዋሉ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለች፣ ቀጠለች። ከዚያ ዚፕ የሚያስቀይር ሰው ገባ። አሁንም ቆመች። የሰውዬው ጆሮ ሲቀላ አየሁ። «እመቤት፣ በሩን ይቆልፉልኝ! ልጅቷ ይህን ሙዚቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ተጫውታ አታውቅም!» አለኝ። «ጌታዬ፣ በሩ ከተቆለፈ ቫዮሊኑም አይኖርም፤ የገዛው ይህ በር ነው» አልኩት። እሱም ልክ ነው፣ እኔም ልክ ነኝ። የውድድሩ አዳራሽ ውስጥ ሰው መሃል ላይ አይገባም ብዬ አጽናናሁት፤ ስለ በረኛዋ ነገርኩት፣ ደስ አለው።

አሁን የልቤን ልንገርህ። ስለ ትምህርት ቤቱ የጻፍከውን ካነበብኩ ወዲህ ግማሹ ሆዴ ይስቃል፣ ግማሹ ያለቅሳል። እንድታሸንፍ እፈልጋለሁ። ካሸነፈች ግን ትሄዳለች፣ ከቤታችን በዚያ መንገድ ሄዶ የተመለሰ ሰው ደግሞ እስካሁን አላየሁም። ስለ ወንበሩ፣ ስለ በረኛዋ፣ ስለ ሻዩ ሁሉ ጻፍክልኝ፤ የጠየቅኩህን አንዱን ብቻ ዘለልከው። ክሩም አልደረሰም።

እህትህ

የካቲት 30 ቀን

ለእትዬ፣

ስለ ቆየሁ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ ምሕረትሽ እንደ ልማድሽ ሰፊ ይሁንልኝ። ሁለት ጊዜ ልጽፍልሽ ተቀምጬ ወረቀቱን አጣጥፌ ተነሳሁ።

ክሩ ከዚህ ጋር አለ። ሁለት እሽግ ነው። የሸጠልኝ ሰው «ተጫዋቿ ምን ዓይነት ድምፅ ትወዳለች?» ሲለኝ «ሰው አክባሪ ናት» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና መርጦ ሰጠኝ።

ለቁልፌ ንገሪያት፤ አውሮፕላን ጣቢያ እቀበላታለሁ። የምታርፈው ውድድሩ ለሁሉም ባዘጋጀው ማደሪያ ነው፤ ከአስተማሪዋ ጋር ስለምትመጣ ሐሳብ አይግባሽ። የመጨረሻው ዙር ቀን ተራዬን ከጓደኛዬ ጋር ተቀያይሬያለሁ። ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። እዚህ እኮ አንድ ደቂቃ ባረፍድ ፌርማታው ሁሉ ሰዓቱን እያየ ይቆጣኛል፤ የድሮው መጣሁ አይደለሁም።

ትከሻዬ ተሽሎታል። ብርዱም እየቀነሰ ነው። ሌላ ምን ልበልሽ። ሰላም ሁኚልኝ።

ወንድምሽ

መጋቢት 22 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላም ይብዛልህ። አጭር ነው የምጽፈው፣ ሻንጣ እየዘጋሁ ነው፣ ሻንጣውም እንደ አንዳንድ ሰው ሆዱ አልገባ ብሎኛል።

ልብስህን ይዛልሃለች። ኮቱን ከላይ እንድታደርገው ነግሬያታለሁ፣ እንዳይጨማደድ። ከውድድሩ ቀን በፊት ለካው። ለካው ብዬሃለሁ! የቁልፌን ጥቁር ቀሚስ እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ክንዷን ወደ ላይ ስታነሳ እንዳይዛት ብብቱ ሥር ጨርቅ ጨምሬበታለሁ፣ ቫዮሊን ለሚጫወት ሰው ሰፍቼ ስለማላውቅ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። አደራህን፣ አንተ ልጅ። ከፊት ወንበር ተቀምጠህ እንድታያት ነው የምፈልገው፣ በእኔ ምትክ።

መቼ ትመጣለህ ብዬ አሁን አልጠይቅም፤ እሷን መልሰህ ላክልኝ ብቻ።

እህትህ

ሚያዝያ 18 ቀን

ለእትዬ፣

እልል በይ! ከዚያ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ይህን ደብዳቤ ቁልፌ ናት በእጇ ይዛልሽ የመጣችው፤ ግን ምንም እንዳትናገር አስምያታለሁ። መጀመሪያ ከእኔ ስሚ፣ ምክንያቱም ጥፋቱም ድሉም የእኔ ነው።

የመጀመሪያው ዙር በሰላም አለፈ። በረኛዋ በሯን ጠብቃለች፣ ማንም አልገባም፣ ቁልፌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ተጫወተች። አስተማሪዋ ጆሮው በደስታም ይቀላል ለካ።

የመጨረሻው ዙር ከሰዓት በኋላ ነበር። ልብስሽን ለበስኩ፣ አበባ ገዛሁ፣ እዚህ ለተጫዋች አበባ ይዞ መሄድ ደንብ ነው። ከቤት በጊዜ ነው የወጣሁት፣ በእናታችን ልማልልሽ። መንገድ ላይ ግን አንድ ጉዳይ ገጠመኝ። ዝርዝሩ አያስፈልግም። ወደ ግቢው ሄጄ መካኒኩ ከረዳኝ በኋላ እየሮጥኩ፣ ማለት በትንንሽ እርምጃ እየሮጥኩ፣ አዳራሹ ጋ ስደርስ ቁልፌ ጀምራለች። በረኛዋ ገና ሳልናገር ዓይኔ ውስጥ ያለውን አየች መሰለኝ። «ሙዚቃው ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው ሲያልቅ ለአፍታ ታርፋለች፣ ያኔ ቶሎ ግባ» አለችኝ። ቁልፌ ስታርፍ በረኛዋ «አሁን!» አለችኝ። በሩን ገፋሁት። እትዬ፣ ያ በር የአውቶቡስ በር አይደለም! ከብዶኝ ስታገል ሁለተኛው ክፍል ተጀመረ፤ በጣም ቀጭን፣ በጣም ቀስ ያለ ድምፅ ነው፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ያኔ በሩ እንደ ታመመ ሰው አቃሰተ።

ቁልፌ ቆመች።

ደጋኑ ክሩ ላይ እንዳለ ቀና አለችና ወደ በሩ አየች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዳኞቹ ፊት፣ በአማርኛ «እንደምን ዋሉ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለች። እኔስ ዝም ልል ነው? አፌ ከእኔ ቀደመና «እግዜር ይመስገን! እንደምን ዋላችሁ!» ብዬ አበባውን እንደያዝኩ ለአዳራሹ በሙሉ እጅ ነሳሁ። ከዚያ ነው የት እንዳለሁ ትዝ ያለኝ። ክው አልኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ፊት ለፊቴ ያገኘሁት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ የአንዲት ሴት ቦርሳ ላይ።

እሷ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ያንኑ ያቆመችበትን ድምፅ ጫፉን ይዛ ቀጠለች። ድሮ አንቺ ስትሰፊ አየው እንደነበረው ነው፤ ስፌቱ የት እንደተቋረጠ ብፈልግ አጣሁት። ያን ቀጭን ዜማ እስከ መጨረሻው አደረሰችው፣ ሰውም አጨበጨበ።

ዳኞቹ ተጫዋቾችን መድረኩ ላይ ይጠይቃሉ። ሰብሳቢዋ ፀጉሯ የነጣ ሴትዮ ናት። አስተማሪዋ መሃል ሆኖ እየተረጎመላቸው የተባባሉትን እነግርሻለሁ።

«ለምን አቆምሽ?»

«ሰው ገባ።»

«ሰው ቢገባስ?»

«እናቴ ቤት ሰው ሲገባ ዝም አይባልም።»

«ከዚያስ? ካቆሙ በኋላ ከዚያችው ነጥብ መነሳት ለትልልቆቹም ይከብዳል። እንዴት ቻልሽ?»

«መርፌው ጨርቁ ውስጥ ነበር» አለቻት።

አዳራሹ ሳቀ፣ ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ከጎኗ ያለ አንድ ቀጭን ዳኛ ግን ፈገግም ሳይል አንድ ነገር ጻፈ። ነጥብ የቀነሰባት እሱ ነው። አልፈርድበትም፤ ሥራው ነው። አንደኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ ሲጠሩ የእኛ ስም የለም። በእኔ በር ምክንያት ልጅቷን ገደልኳት አልኩ። ከዚያ «ሦስተኛ» ተባለና ስሟ ተጠራ! አበባውን የት እንዳደረግኩት እስካሁን አላውቅም።

እትዬ፣ ትምህርት ቤቱ ከመስከረም ጀምሮ ይቀበላታል። አንቺ እሺ ካልሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያን «ይግቡ» የሰማሁት እናታችን ካረፈች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ድምፁ ራሱ የእሷ ነው፤ «ይግ» ላይ ሳብ ያደርገዋል። እዚያ ቦርሳ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ወንድምሽ

ግንቦት 15 ቀን

ለወንድሜ፣

የልጄን ደስታ እንዳየህ ፈጣሪ ያንተንም ያሳየኝ። አንጀቴን ቅቤ አጠጣኸኝ። ደብዳቤህን ለደንበኛ ሁሉ እያነበብኩ ነው፤ ቀሚሷን ያሳጠረችው ሴት ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። አስተማሪው መጥቶ በሩን እያየ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ ራሱ ከፍቶ ዘጋው። አንድ ነገር የገባው ይመስለኛል።

አሁን ወደ «ጉዳዩ» እንምጣ። ልጅቷ የማለችው እስክትደርስ ነው፣ ደርሳለች። የአውቶቡሱን ደረጃ ስትወጣ ሱሪህ ከኋላ እንደተቀደደ፣ መካኒኩ በሽቦ እንዳያያዘልህ፣ ኮትህን እስከ መጨረሻው እንዳላወለቅክ ሰምተናል። ስፌቴ በአርባ ዓመት አንድ ጊዜ ነው የተቀደደው፣ እሱም በአንተ!

ስማኝ። የድሮው ልክ ውሸት እንደሆነ ገና ስታወራው አውቄያለሁ። የሱሪህ ወገብ ውስጥ አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ አጥፌ አስቀምጬልህ ነበር። ለቁልፌም መርፌና ክር ሰጥቼ «ጠበበኝ ካለ ተርትረሽ አስፊለት፣ ካላለ ዝም በይ፣ አታሳፍሪው» ብያታለሁ። አንድ ቃል ብትተነፍስ ኖሮ ሰዓት ላይ ትደርስ ነበር። ባትዘገይ ደግሞ በሩን አትከፍትም ነበር። ምን ብዬ እንደምቆጣህ ጠፍቶኛል።

እሺ ብላለች ወይ ብለህ ይሆናል። ገና አላልኩም። የትምህርት ቤቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ፣ መቀሱ ሥር አድርጌዋለሁ፤ ጠዋት አነሳዋለሁ፣ ማታ እመልሰዋለሁ። ቁልፌ ትጫወታለች ብቻ። ሂጂ ማለቱ አይደለም የቸገረኝ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ «መጣሁ» የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ መቀበሉ ነው። አንዱ ይበቃኛል። ለትምህርት ቤቱ እስከ ነሐሴ መልስ መስጠት አለብኝ።

እህትህ

ሐምሌ 6 ቀን

ለእትዬ፣

ቴምብር የለውም ብለሽ አትገረሚ። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አላስገባሁትም።

የምጽፈው ከስፌት ቤቱ ማዶ ካለው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሻንጣዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ገብቼ ልናገረው ብዬ ነበር፣ አፌ እንደሚከዳኝ ስላወቅኩ ልጽፈው አልኩ። በየደብዳቤው የዘለልኩት ጥያቄ መልሱ ይኸው። መምጣት ያቃተኝ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። እናታችን ከሌለች በሩን ስከፍት ማን ቀና እንደሚል እያሰብኩ ፈራሁ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ቁልፌ ቀና አለች። በዚያው ሳምንት ነው ፈቃድ የጠየቅኩት፣ የሰጡኝ ግን አሁን ነው።

እሺ በይ ልልሽ አልመጣሁም። መንገዱ መመለሻ እንዳለው በዓይንሽ እንድታዪ ነው የመጣሁት። እሺ ካልሽ በመስከረም እኔ ራሴ ይዣት እሄዳለሁ፣ በየክረምቱም እኔ ራሴ ይዣት እመጣለሁ። የሱሪው ትርፍ ጨርቅ ይፈታልኝ፤ ይዤዋለሁ፣ ሽቦው እስካሁን አለበት።

የበሩን ቀለም ቀይራችሁታል። ከዚህ ማሽንሽ ይሰማኛል፣ ቫዮሊኑም። አሁን ተነስቼ መንገዱን እሻገራለሁ፤ በሩን ከፍቼ ይህን ወረቀት ከመናገሬ በፊት አቀብልሻለሁ።

እትዬ፣ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ ተዪውና ቀና በይ።